በሳፋ የተለወጠው ሸክላ ስንት ያወጣ ነበር?

ኮልፌ ያደገ ሰው ጠዋት የሚቀሰቅሰው ስልኩ አይደለም፣ «ቆራሌው!» ነው። እሱ አልፎ ጸጥ አለ ስትሉ ደግሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ይከተላል። አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ከነበረው አሮጌ ቤቷ ወደ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ አልጋ ስር የኖረ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ለልዋጭ ሰጥታ ሁለት ሳፋና አንድ ጆግ ተቀበለች።

«እትዬ፣ የማን የማን ዘፈን ነበር?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! የጋሼህ ነበር። ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፣ አቧራ ላስታምም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ሳፋው እስካሁን አለ፣ ጥሩ ሳፋም ነው። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ይህን ያነሳሁት ስለ አሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ላወራችሁ ስለፈለግኩ ነው። አትሳቁ፣ ይገናኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤዝቦሉን እርሱት፣ ካርዷን ብቻ ያዙ። ከመዳፍ የማትበልጥ ካርቶን ናት፣ ፊቷ ላይ የተጫዋች ምስል አለ። መጀመሪያ ከሲጋራ ፓኮ ጋር፣ በኋላ ከከረሜላና ከማስቲካ ጋር በነፃ ነበር የምትመጣው። እኛ ልጅ ሆነን ለስቲከሩ ብለን ማስቲካ እንደምንገዛው ማለት ነው። የአሜሪካ ልጆች ሰበሰቧት፣ ተጫወቱባት፣ ሲያድጉ እናቶቻቸው ቤት ሲያጸዱ ጣሏት። በቃ፣ ታሪኳ ይኸው ነው። አሁን ዋጋዋን ተመልከቱ።

በ2012 ኦሃዮ ውስጥ ዴፋያንስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቤተሰብ የአያቱን ቤት ባዶ ሲያደርግ፣ ጣሪያ ስር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ከልጆች የአሻንጉሊት ቤት ስር አንድ ካርቶን አገኘ። ውስጡ በ1910 አካባቢ ከከረሜላ ጋር የወጡ ወደ 700 የሚጠጉ ካርዶች ነበሩ። አያትየው ሥጋ ቤት ነበራቸው፤ ለደንበኛ ልጆች የሚሰጡት ካርድ ተርፏቸው ነው። ማንም ስላልነካቸው አዲስ እንደሆኑ ቀርተዋል። ግምቱ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፣ 20 የአክስትና የአጎት ልጆችም እኩል ለመካፈል ተስማሙ። (ሀያ ወራሽ ሳይጣላ ተካፈለ ሲባል እኔን ከዶላሩ በላይ የገረመኝ እሱ ነው።)

በ2016 ደግሞ ሌላ ቤተሰብ የቅድመ አያቶቹን ቤት ሲያጸዳ የተጨማደደ የወረቀት ከረጢት አገኘ። ከቆሻሻው ጋር ሊጣል ትንሽ ነበር የቀረው። ውስጡ ታይ ኮብ የሚባል የድሮ ኮከብ ካርዶች ነበሩ፣ ሰባት ፍሬ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የሚታወቁት የዚያ ዓይነት ካርዶች ከሃያ እንኳ የማይሞሉ ነበሩ።

ትልቁ ግን የ1952ቱ ነው። ቶፕስ የሚባለው የማስቲካ ኩባንያ በዚያ ዓመት ያሳተመው ካርድ ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። የኩባንያው ሰው ሳይ በርገር መጋዘኑን ለማስለቀቅ ለመሸጥ ሞክሮ ሲያቅተው፣ በ1960 ካርቶን ካርቶኑን በጀልባ አስጭኖ ባሕር ውስጥ አስጣለው። ይህንን ራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ በ1986 አለን ሮዘን የሚባል ነጋዴ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከአንድ ቤት የዚያው ዓመት ካርድ በሺዎች የሚቆጠር አግኝቶ ገዛ። ከመሃላቸው አንዷን የሚኪ ማንትል ካርድ በ1991 በ50 ሺህ ዶላር ሸጣት። ይቺው ካርድ ነሐሴ 2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። አንድ ቁራጭ ካርቶን!

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ካርዷ ውድ የሆነችው ስላረጀች አይደለም። ሌሎቹ ስለተጣሉ ነው። ማስረጃው ደግሞ አለ። አሜሪካኖች ይሄን ዜና እየሰሙ ሲመጡ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ካርድ እየገዛ ጓዳው ማስቀመጥ ጀመረ፣ ፋብሪካዎቹም ያለ ልክ አተሙ። የዚያ ዘመን ካርድ ዛሬ በአብዛኛው የወረቀቱን ዋጋ እንኳ አያወጣም። ሁሉም ያስቀመጠውን ማን ይፈልገዋል?

ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ። ካርድ ተገኘ፣ ብርቅ ነው ለማለት መጀመሪያ ስንት ዓይነት እንደታተመ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሠራው ሀብታም ወይም ፕሮፌሰር አይደለም። ጀፈርሰን በርዲክ ይባላል፣ ሲራኪውስ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወዛደር ነበር። ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበት፣ ጣቶቹ እንደልብ አይታዘዙትም። ይህ ሰው ከ1930ዎቹ ጀምሮ የካርዶችን ሁሉ ዝርዝር አዘጋጅቶ አሳተመ፣ ለእያንዳንዱ ስብስብ የፊደልና የቁጥር መለያ አወጣለት። የዓለም ሰብሳቢ እስከዛሬ የሚጠራቸው እሱ ባወጣው ስም ነው። በመጨረሻም ከ300 ሺህ በላይ የሆነ ስብስቡን ሁሉ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በነፃ ሰጥቶ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ በአልበም ሲለጥፍ ኖሮ በ1963 አረፈ። በእኔ አስተያየት ከኦሃዮው ካርቶንም ከ12 ሚሊዮኗም በላይ ትልቁ ግኝት የዚህ ሰውዬ ዝርዝር ነው። እሱ ባይኖር የከረጢቷን ሰባት ካርድ ማን ያውቃት ነበር?

አሁን ወደኛ እንምጣ። የኛ የቤዝቦል ካርድ ምንድን ነው ቢባል መልሴ ሸክላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት «የመጣው ይምጣ» ብሎ አምሃ ሬከርድስን ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። ከዚያ እነ ማህሙድ አህመድ፣ እነ ሙላቱ አስታጥቄ መጡ። በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ አምሃ 103 ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቅ አልበም አውጥቷል። በአጠገቡ አሊ አብደላ ከይፋ በካይፋ ሬከርድስ፣ ፊሊፕስም በኩሉ ይሠሩ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ጠፋ፣ ካሴት ደግሞ የሸክላን ቦታ ወሰደ። በ1978 አካባቢ ሁሉም አበቃ።

አሁን ቁጥሩን ልብ በሉ። ከ1969 እስከ 1978 የወጣው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሸክላ ሲደመር ትንሿ ባለሁለት ዘፈን ወደ 500፣ ትልቁ አልበም ወደ 30 ነው። የአንድ አገር ወርቃማ ዘመን የሚባለው ሙዚቃ ሙሉው በአንድ ቁምሳጥን ይገባል። የቤዝቦል ካርድ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም፣ የኛ ግን በጣት ይቆጠራል ማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። እያንዳንዱም የታተመው በሚሊዮን አይደለም። ከዚያ የተረፈው አልጋ ስር ነው፣ ወይም በልዋጭ በኩል ምናለሽ ተራ ገብቷል።

ታዲያ የኛን በርዲክ ማን ሆነ? ፈረንሳዊ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 አንድ ወዳጁ ያመጣለትን የማህሙድን ሸክላ ሰምቶ ዕብድ አለ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ድረስ መጣ፣ በ1986 «ኧረ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ ድጋሚ ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከነአምሃ ጋር ተስማምቶ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ አወጣ፣ ወደ 30 ቅጽ የደረሰ። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም ውስጥ የገባው፣ በ2010 እነ ናስና ዴሚያን ማርሊ «የከርሞ ሰው» ሳይሆን «የገሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ራፕ የሠሩበት፣ ሁሉም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፈረንጅ ሰብሳቢ አዲስ አበባ እየመጣ አሮጌ ሸክላ መጠየቅ የጀመረውም ያኔ ነው። ዛሬ ንጹህ የሆነ ኦሪጅናል ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፣ ብርቅ የሆነው አልበም ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ከግኝቶቹ ሁሉ እኔ የምወደው የኃይሉ መርጊያን ነው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሂልተን ሲጫወት የኖረ፣ በ1977 «ጨበለው» የሚለውን አልበም ከባንዱ ጋር የሠራ ሰው ነው። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀርጾ ኢትዮጵያ ተሸጠ፣ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉም ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈን ውስጥ ያስቀምጥና ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ፈላጊ ባሕር ዳር አንዱ ሱቅ ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ሰምቶ አላመነም፣ ኢንተርኔት ላይ ስልኩን ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ በዚያው ዓመት ድጋሚ ወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት «ጨበለው» ተከተለ። ኃይሉ በስልሳዎቹ ዕድሜው ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ሠራ። ትርፉም ለሁለት እኩል ነው የሚካፈለው፣ አሳታሚው እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ካርዷን ካገኙት አሜሪካኖች ጋር ልዩነቱ ይታያችኋል? ሚኪ ማንትል ከ12.6 ሚሊዮኑ ሳንቲም አልደረሰውም፣ ያኔ ከሞተ ቆይቷል። የካርድ ዋጋ የሚሄደው ለያዛት ሰው ነው። ሸክላና ካሴት ግን ውስጣቸው ዘፈን አለ። ዘፈኑ ሲገኝ ሰውየውም ይገኛል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም እዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ያሳተሙት ፒያኖ ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ነበር። ዓለም የሰማቸው በ2006 በኢትዮፒክስ 21ኛው ቅጽ ነው። መጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። በ2024 ደግሞ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ቁጭ ብለው ራሳቸው የቀረጿቸው፣ ፒያኖ እየመቱ የሚዘፍኑባቸው ካሴቶች በአልበም ወጡ። እነዚያ ካሴቶች ለልዋጭ ተሰጥተው ቢሆን ኖሮ ድምፃቸውን ስንቶቻችን እንሰማ ነበር?

አሁን የኔ ቅሬታ። ፋልሴቶንም ሺምኮቪትዝንም አልወቅስም፣ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሁለቱም ግኝት የተባለው ፈረንጅ ሲያገኘው ነው። ባሕር ዳር ያለው ባለሱቅ ካሴቱን ያውቀዋል፣ ለዚያ ነው የሸጠው። ያልነበረው ካሴቱ ሳይሆን «ይሄ ብርቅ ነው» የሚያሰኝ ዝርዝር ነው። እኛ ደግሞ ቤት በምንቀይርበት ዘመን ላይ ነን። በመልሶ ማልማቱም፣ በኮሪደሩም፣ በኮንዶሚኒየሙም ሰዉ ከድሮ ቤቱ እየወጣ ነው። የኦሃዮው ካርቶን የተገኘው ቤት ሲለቀቅ ነው፣ የአክስቴም የጠፋው ቤት ሲለቀቅ ነው።

አንዳንዱ «መንግሥት ይሰብስበው» ይላል። ሕግ አለ። የቅርስ አዋጁ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ብራና ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ማንም ያውቀዋል። አምስት ፍሬ ሸክላ ልብስ መሃል ቢገኝ ግን ፈታሹ ራሱ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» የሚል ይመስለኛል። ዋጋውን ሕዝቡ ሳያውቀው ሕግ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ስለዚህ እጃችሁ ላይ ስላለው ስልክ እናውራ። በርዲክ በታመመ ጣቱ የሠራውን እናንተ በካሜራ በአንድ ደቂቃ ትሠሩታላችሁ።

የአያቶቻችሁ ቤት ሸክላ ካለ መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት በሁለቱም ፊት ፎቶ አንሱ። የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ ስም፣ ቁጥሩ እዚያ አለ። የአምሃ ሸክላዎች ቁጥር «ኤ ኢ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ሽፋኑንም አንሱ፣ የተቀደደም ቢሆን እንዳትጥሉት፣ ሰብሳቢ ሽፋን አልባውን ዋጋ ይሰብርበታል። ሽፋኑ ላይ ባር ኮድ ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ካያችሁ አዲስ ቅጂ ነው፣ በዚያ ዘመን አልነበረም። ይህን ሳያዩ «የ1970 ኦሪጅናል» ተብለው የተሸወዱ አሉ። ሸክላውን በጠርዙ ያዙት እንጂ ገጹን በጣት አትንኩት። በበረኪና እንዳታጥቡት! ደራርባችሁም አታስተኙት፣ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ፀሐይ ያጣምመዋል።

ሁሉም ሸክላ ሀብት ነው እያልኩ አይደለም። የተቧጨረና ብዙ የታተመ ዘፈን የሻይ ዋጋ ብቻ ሊያወጣ ይችላል፤ የ1990ዎቹ ካሴት አብዛኛው እንደዚያው ነው። ሸክላውን ያዘ ማለትም ዘፈኑን ያዘ ማለት አይደለም። በቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ፎቶውን ልጥፉ፣ ዘፈኑን ግን ቀድታችሁ ዩቲዩብ ላይ ገንዘብ እንዳትሰበስቡበት፣ ባለቤቱ ወይም ወራሹ ዛሬም ሰፈራችሁ ሊኖር ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ታሪኩን ጠይቁ። ማን ገዛው? የት? ስንት ብር? ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ለኮልፌ ልጆች ምሳሌ ልስጥ፦ በ1962 ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ የፖሊስ ማሠልጠኛ ውስጥ የውጊያ ሥልጠና ሲወስድ፣ ሲሄድ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። ማንዴላ አገሩ ገብቶ ጆሃንስበርግ ዳር ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ቀበረው። ብዙ ተቆፍሮ፣ ብዙ ተፈልጎ እስካሁን አልተገኘም። ፊልም እንኳ ተሠርቶበታል። ያለ ታሪኩ ያ ሽጉጥ የዛገ ብረት ነው። ኮልፌ ውስጥ ማን ለማን ሰጠው የሚለው ስለተነገረ ነው ዓለም የሚፈልገው። የጋሼ ሸክላም ያው ነው፤ የገዛው ሰው በሕይወት እያለ ካልተጠየቀ ቀረ።

እንግዲህ ቤት ሂዱና አልጋ ስር እዩ። የሸክላውን መሃል ፎቶ፣ ከተቻለ ከባለቤቱ አንድ ሁለት መስመር ታሪክ ጋር፣ በውስጥ መስመር ላኩልን። የቤት አድራሻና ስልክ እንዳትጽፉበት፣ ሌባም ያነባል። የደረሰንን በአሳታሚና በቁጥር እያደረግን ገጹ ላይ እናወጣዋለን። 500ው ስንት እንደሚሞላ እናያለን።

ይህን ጽሑፍ ለአክስቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታ ስትጨርስ ያለችኝ «ታዲያ ልዋጩን ልጅ ብናገኘው ሳፋውን መልሼለት ይመልስልኝ ይሆን?» ነው። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ሳፋውን ይዛ።